የኋላ ዕቃ መጫኛው ብሎን መቂና ባቱ መካከል ተቆረጠ፤ ጭነቱን እንዴት ላድርስ?

መንገደኛው (ጠያቂ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ከጓደኛዬ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ላንጋኖ በብስክሌት እየተጓዝን ሳለ፣ መቂን ካለፍን በኋላ የኋላውን ዕቃ መጫኛ ከብስክሌቱ ጋር የሚያያዘው የታችኛው ብሎን ተቆርጦ መጫኛው ተንጋዷል፤ ሻንጣውም ጎማውን እየነካ ነው። ጥራት የሌለው ብሎን እንደተገጠመልኝ ግልጽ ነው። ሳይመሽ ባቱ መድረስ አለብን፤ ነገ ሐይቁ ዳር ድንኳን እንተክላለን። በእጃችን ያለው ፒንሳ፣ ካቻቢቴና የብሎን መፍቻ ነው። ዕቃውን ሁሉ እንደያዝን መቀጠል የምንችልበትን መላ በፍጥነት ንገሩኝ፤ የስልኬ ባትሪ እያለቀ ነው።

ካቴና፦ የተቆረጠው በየትኛው ጎን ነው? ካቴናው ባለበት በኩል ከሆነ ጥንቃቄው ይለያል። የጫኑትስ ስንት ኪሎ ይሆናል?

አሮጌ ፔዳል፦ በብስክሌት ተጉዞ ሜዳ ላይ ለማደር የሚነሳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ዕቃውን በሚዛን ላይ ማስቀመጥ ይኖርበታል። ብዙዎቹ መጫኛዎች የሚችሉት 25 ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ መጠኑም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ በብረቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን ባቱ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ ሲወርዱ ቁልቁለቱ የደበቀልዎት ክብደት፣ ሲመለሱ ከሞጆ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው ዳገት ላይ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢትና ምንጣፍ በድምሩ ከ5 ኪሎ እንዳይበልጡ አድርጎ መምረጥ የጉዞው ግማሽ ሥራ ነው።

መንገደኛው፦ ምክሩን አመሰግናለሁ፤ አሁን ግን አስፋልት ዳር ቆመናል። የተቆረጠው በካቴናው በኩል ነው። ክብደቱን አልመዘንሁትም፤ በሁለት ጀሪካን 15 ሊትር ውሃ፣ ድንኳን፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ የከሰል ምድጃ ከነከሰሉ፣ እንዲሁም ጀበናና ረከቦት ነው።

ፍሬን አልባ፦ ረከቦት ከተጫነ ዘንዳ ቄጠማው ለምን እንደቀረ ቢብራራልን መልካም ነበር።

ጎሚስታው፦ አሮጌ ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) ካለዎት በቀጭኑ ሸንሽነው የመጫኛውን እግር ከብስክሌቱ ቱቦ ጋር እየወጠሩ ይጠምጥሙት። ጎማው ስለሚሳብ ከገመድ ይልቅ አጥብቆ ይይዛል።

ሻንጣ ጠል፦ ጥፋቱን በብሎኑ ጥራት ላይ መጣልዎን አልቀበለውም። ጠብቆ የተያዘ ብሎን መጫኛውንና ብስክሌቱን አጣብቆ ስለሚይዝ ጭነቱን የሚሸከመው ብቻውን አይደለም፤ በንዝረት ሲላላ ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ ወዲያና ወዲህ ያጎብጠዋል፤ በመጨረሻም ይቆረጣል። ውድ ብሎን ቢገጠምም በየማለዳው ካልጠበቀ ዕጣው ያው ነው። ውሃውንም በተመለከተ፣ የላንጋኖ ውሃ አይጠጣም መባሉ እውነት ቢሆንም ከአዲስ አበባ 15 ኪሎ ውሃ ለመጫን ምክንያት አይሆንም። ከባቱ እስከ ሐይቁ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመካከሉም አዳሚ ቱሉና ቡልቡላ አሉ። ለመንገድ የሚበቃችሁን አስቀርታችሁ ሌላውን አሁኑኑ ድፉት።

ካቴና፦ እንግዲህ በካቴናው በኩል ከሆነ የሚከተለውን ያድርጉ። የውሃ ጠርሙስ መያዣውን ከብስክሌቱ ጋር ያያያዙት ሁለት ብሎኖች በአብዛኛው ብስክሌት ላይ ከመጫኛው ብሎን ጋር እኩል ውፍረት፣ ማለትም 5 ሚሊ ሜትር ናቸውና አንዱን ይፍቱ። የኋላ ጎማውን ያውጡና የተቆረጠው ብሎን ጫፍ በውስጥ በኩል ብቅ ብሎ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ብቅ ካለ በፒንሳ ነክሰው ወደ ግራ ሲያዞሩት ወደ እርስዎ እየወጣ ይመጣል። አዲሱን ብሎን ካሰሩና ጎማውን ከመለሱ በኋላ ፔዳሉን በእጅዎ እያዞሩ በትንሹ ጥርስ ላይ ያለው ካቴና የብሎኑን ጫፍ እንዳይነካ ያረጋግጡ፤ ከነካ ከብሎኑ ራስ ሥር ሮንዴላ (ቀጭን የብረት ቀለበት) ይጨምሩ። ስብርባሪው አልወጣ ካለ ግን አይታገሉት፤ ጎሚስታው እንዳለው ይጠምጥሙትና በዚያ ጎን ብርድ ልብስ ብቻ ያስቀምጡ፤ ከባዱን ጓደኛዎ ይውሰድልዎት።

አባ ኮዳ፦ ከመነዳሪ ሸንሽኖ መጠምጠም ነው እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም። ባቱ ሲደርሱ ብየዳ ቤት ይውሰዱት።

ጎሚስታው፦ ከመነዳሪውን አስቀድሜ ተናግሬዋለሁ። ብየዳውን ግን ይጠንቀቁ፤ መጫኛው ብረት ከሆነ ይበየዳል፤ አሉሚኒየም ከሆነ ግን በተለመደው ኤሌክትሮድ ስለማይያያዝ ቀልጦ ይበላሻል። ማግኔት ይሞክሩበት፤ የማይስብ ከሆነ አሉሚኒየም ነው ብለው ይተውት።

ፍሬን አልባ፦ ማግኔት ደግሞ በየትኛው ጀሪካን ውስጥ ነው የሚገኘው?

ሻንጣ ጠል፦ ምድጃውንም ባቱ ላይ ለምታውቁት ሰው አስቀምጡት። ለሁለት ሰው ቡና ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይበቃል፤ ከሰሉን ሐይቁ ዳር መግዛት እየተቻለ ከአዲስ አበባ ተሸክሞ መውረድ ለማን ይጠቅማል?

አሮጌ ፔዳል፦ በዚህ እንኳ አልስማማም። ምሽት ላይ ቡና የማይፈላበት ጉዞ ምን ጉዞ ነው? ረከቦቱ ይቅር፤ ጀበናው ግን በብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ ይሂድ።

ካቴና፦ መንገደኛው ሆይ፣ ብሎኑ ወጣልዎት? ባቱ ከደረሱ ውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው ዳዶ ይፈልጉና ከውስጥ በኩል ይጨምሩበት፤ ንዝረት ቢበዛም ቶሎ አይላላም፤ ለካቴናው የሚበቃ ክፍተት መኖሩን ግን አስቀድመው ይለኩ።