አንድ አበባ፣ ሦስት ስም፦ የትኛው ነው ትክክሉ?

ጥያቄ (የጓሮ ወዳጅ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ከውጭ ስትመጣ የአበባ ሽንኩርት አመጣችልኝ። አንዱ ፓኬት «አሲዳንቴራ» ይላል፣ ሌላው «ግላዲዮለስ ካሊያንተስ»፣ ሦስተኛው «ግላዲዮለስ ሙሪየሌ»። ፎቶው ግን ያው ነው፤ ነጭ አበባ፣ መሃሉ ወይን ጠጅ። ይለያያሉ እንዴ? አምና የተከልኩት ደግሞ መስከረም ላይ አብቦ ነበር፤ አሁን ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ሞተብኝ ማለት ነው?

መልስ (አፈር ነክ)፦
አይዞሽ፣ አልሞተም። በጋውን ይተኛል። ውሃ አቁሚ፣ ቅጠሉን ግን አትቁረጪው፤ ምግቡን ወደ ታች እየመለሰ ነው። ደርቆ ሲያልቅ ብትቆፍሪው አሮጌው ተጨማዶ፣ አዲሱ ከላዩ ተቀምጦ፣ ዙሪያውን ጥቃቅን ልጆች ወልዶ ታገኚዋለሽ። በነገራችን ላይ ሽንኩርት አይደለም። ለሁለት ብትሰነጥቂው ድርብርብ የለውም፣ ውስጡ ድፍን ነው። ኮርም ይሉታል።

መልስ (የድሮ መምህር)፦
ልጄ፣ ሦስቱም አንድ ናቸው። የእኛው አገር አበባ ነው፤ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ እስከ ሞዛምቢክ ድረስ በዱር ይበቅላል። ዞሮ ዞሮ በፓኬት ታሽጎ መጣልሽ! በ1844 ሆክስቴተር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ «አሲዳንቴራ ባይከለር» አለው፤ ሹል የአበባ ብናኝ ከረጢት ያለው፣ ባለሁለት ቀለም ለማለት። በኋላ ከግላዲዮለስ ወገን ሲደመር «ባይከለር» የሚለው ስም እዚያ በሌላ አበባ ተይዞ ተገኘ። ስለዚህ በ1973 «ካሊያንተስ»፣ ማለትም ውብ አበባ ተባለ። ነገር ግን ኬልዌይ የተባለ ሰው ይህንኑ አበባ በ1932 «ሙሪየሌ» ብሎት ነበር። ሙሪየል የካፒቴን ኧርስኪን ባለቤት ናት፤ እሱ ኢትዮጵያ ውስጥ የእንግሊዝ ቆንስል ነበር። በዕፅዋት አሰያየም ቀድሞ የወጣው ስም ስለሚያሸንፍ የዛሬው ትክክለኛ ስም ሙሪየሌ ነው። ነጋዴው ግን አሮጌውን አልለቀቀም።

የጓሮ ወዳጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! አዲሶቹን መቼ ልትከል? ማታ ማታ ሽታው የሚበረታውስ ለምንድነው?

መልስ (አፈር ነክ)፦
ዝናቡ ሲገባ፣ ፀሐይ የሚያገኝና ውሃ የማይቋጥር ቦታ ላይ፣ 10 ሴንቲሜትር ያህል አውርደሽ። ሦስት ወር ገደማ ጠብቂው። ሽታው ለሌሊት የእሳት ራት ነው። ከአበባው ጀርባ ያለውን ረጅም ቀጭን ቱቦ አላየሽም? ማሩ ታች ነው ያለው፤ ምላሱ ረጅም ካልሆነ አይደርስበትም። ንብ ብዙም አትጠብቂ።