«ቤንትሊ» ወይስ «ቤንትሌይ»? የሰው ስም፣ የመኪና ስም

ተርጓሚ፦ ሰላም ለሁላችሁ። «ቤንትሊ» የሚለው የእንግሊዝ ስም ምን ማለት ነው? መዝገበ ቃላት «ቤንት»ን «የጎበጠ» ይለዋል፤ ለመኪና የማይመች ትርጉም ነው። አጻጻፉም አንዱ ጋ ቤንትሊ፣ ሌላው ጋ ቤንትሌይ ሆኖ ይገኛል። የቱ ይሻላል?

ፊደል ቆጣሪ፦ መጉበጥ እዚህ ውስጥ የለም። ስሙ ከጥንታዊው እንግሊዝኛ ሁለት ቃላት የተገጠመ የቦታ ስም ነው፤ «ቤኦኔት» ቀጭን፣ ደረቅ አገዳ ያለው ሣር፣ «ሌያህ» ደግሞ በጫካ መካከል ያለ ገላጣ ቦታ ወይም ምንጥር። ሲገጠሙ «ሣር የበዛበት ገላጣ» ይሆናሉ። በዚህ ስም የሚጠሩ መንደሮች በሃምፕሻየርም፣ በሰፎክም፣ በዮርክሻየርም አሉ። ከመንደሩ ወጥቶ ሌላ አገር የሰፈረውን ሰው በመጣበት ቦታ ጠሩት፤ እኛ «መንዜው» እንደምንለው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ የእኛው «መንዜው» ከሰውየው ጋር ያበቃል፤ የእነሱ ግን ለልጅ ልጅ ተላለፈና የቤተሰብ ስም ሆነ።

ለአጻጻፉ «ቤንትሊ» ይሻላል። የመጨረሻው ክፍለ ቃል በእንግሊዝኛ አይጠብቅም፣ አይረዝምምም፤ «ሊ» ብቻ ነው። «ሌይ» የመጣው ፊደሉን ዓይን እንዳየው ከማንበብ ነው፤ «ማርሌይ» እና «ስታንሌይ» የጻፍነውም እንዲሁ። እነዚያ ሥር ሰድደዋልና አትንኳቸው፤ ቤንትሊ ግን ገና ያልደረቀ ስለሆነ ማስተካከል ይቻላል። አንዱን ከመረጡ በኋላ እርባታው አብሮ ይሂድ፦ ቤንትሊ፣ ቤንትሊው፣ ቤንትሊዋ፣ ቤንትሊዎች። «ቤንትሌይ» ያለ ሰው ደግሞ ቤንትሌዩ፣ ቤንትሌዮች ማለት አለበት። በአንድ ገጽ «ቤንትሌይ» እና «ቤንትሊዎች» ከተገናኙ አራሚው ተኝቷል።

ሞተር ሰሚ፦ በዚህ ላይ ልጨምር። መሥራቹ ዋልተር ኦወን ቤንትሊ ነው (1888–1971፣ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ.)። ኩባንያውን በ1919 ለንደን ውስጥ አቋቋመ። በእንግሊዝ የሚታወቀው በስሙ መነሻ ፊደላት «ደብሊው ኦ» እየተባለ ነው። ይህን «ወ/ኦ» ብሎ ማሳጠር አይገባም፤ የቸኮለ አንባቢ «ወ/ሮ» ብሎ ያልፈዋል።

ሌላው ጣጣ «የአባት ስም» የሚለው ነው። ቤንትሊ የዋልተር አባት የግል ስም አይደለም፤ የቤተሰቡ ስም ነው። ስለዚህ «የቤተሰብ ስም» በሉት። «አቶ ቤንትሊ» ሲባልም በእኛ ልማድ አቶ ከራስ ስም በፊት ስለሚመጣ ሰውየው ራሱ ቤንትሊ የተባለ ይመስላል። መጀመሪያ ሙሉ ስሙን ጽፎ ከዚያ «ቤንትሊ» ብቻ ማለት ያዋጣል።

ተርጓሚ፦ እሺ። «የቤንትሊ መኪና» ስንልስ ሰውየውን ነው ወይስ ማርኩን (የመኪናውን የንግድ ስም)?

ሞተር ሰሚ፦ ችግሩ እዚያ ላይ ነው፤ «የ» ባለቤትነትንም ዓይነትንም ትይዛለች። እስከ 1931 ሁለቱ ብዙም አይጣሉም። በዚያ ዓመት ግን ኩባንያው ከሰረ። ኔፒየር የተባለው ድርጅት ሊገዛው ሲደራደር ሮልስ ሮይስ በሌላ ኩባንያ ስም ገብቶ ወሰደው። ስሙም አብሮ ተሸጠ። ዋልተር በ1935 ላጎንዳ ወደሚባል ሌላ የመኪና ኩባንያ ሄዶ ሞተር ሲነድፍ፣ በስሙ የሚጠሩት መኪኖች የሚሠሩት ሌላ ቤት ነበር። ከ1931 በኋላ ስላለው ጊዜ ስትጽፉ ለማርኩ «ቤንትሊ መኪና» (ያለ «የ»)፣ ለሰውየው «ዋልተር ቤንትሊ የነደፈው» ብትሉ አንባቢ አይደናገርም። ላጎንዳው ዋልተር ቤንትሊ የነደፈው ነው፣ ቤንትሊ መኪና ግን አይደለም።

ፊደል ቆጣሪ፦ በጣም የሚያስቀው ግን «ቤንትሊ ቦይስ» ነው። አንዳንዱ «የቤንትሊ ልጆች» ብሎ ይተረጉመዋል። ዋልተር ቤንትሊ ልጅ አልወለደም! ቃሉ በ1920ዎቹ እነዚህን መኪኖች ለውድድር ይነዱ የነበሩትን፣ አብዛኞቹ ሀብታም የሆኑ ጓደኛሞች ነው የሚያመለክተው። ከእነሱ አንዱ ዉልፍ ባርናቶ በፈረንሳይ «ለ ማን» በሚካሄደው የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር በ1928፣ በ1929 እና በ1930 አሸንፏል፤ የኩባንያው ገንዘብ አቅራቢም እሱ ነበር። «የቤንትሊ ጎረምሶች» ቢባል ቃናውም ይመጣል።

ተርጓሚ፦ የሞዴሎቹን ስም ልተርጉም ወይስ እንዳለ ልተወው?

ሞተር ሰሚ፦ ባይተረጎሙ ይሻላል፤ ድምፃቸው ግን ይስተካከል። «ሙልሳን» እና «አርናዥ» የፈረንሳይ ስሞች ናቸው፣ በለ ማን መወዳደሪያ መንገድ ላይ ያሉ ቦታዎች። «ሙልሳኔ» እና «አርናጅ» ስሕተት ናቸው። «ኮንቲኔንታል»ን «አህጉራዊ» ብሎ መመለስ ደግሞ ትርጉሙን ይገድለዋል። እንግሊዞች «ኮንቲኔንት» ሲሉ ከባሕሩ ማዶ ያለውን አውሮፓ ማለታቸው ነው፤ በ1952 የወጣው መኪና በዚያ ረጅም መንገድ በፍጥነትና በምቾት ለመጓዝ የታሰበ ስለነበር ነው ስሙ። «ቤንታይጋ» በግራን ካናሪያ ደሴት ያለ የዓለት ጫፍ ነው፤ ከቤንትሊ ጋር ድምፁ መግጠሙ ለሻጮቹ ሲሳይ ሆነላቸው።

ፊደል ቆጣሪ፦ «ብሎወር»ስ? «ነፊ» የሚል አይቻለሁ።

ሞተር ሰሚ፦ «ነፊ» አይሆንም፤ ዋሽንት ነፊ ይመስላል። ብሎወር የሱፐርቻርጀር የቁልምጫ ስም ነው፤ በሞተሩ ኃይል እየዞረ የአየርና የነዳጅ ድብልቅን ጨምቆ ወደ ሲሊንደር የሚያስገባ ዕቃ። በ4½ ሊትሩ ቤንትሊ ላይ ከራዲያተሩ ፊት ተሰክቶ ከውጭ ይታያል። «ብሎወር ቤንትሊ» ብላችሁ፣ መጀመሪያ በሚመጣበት ቦታ «ሱፐርቻርጀር የተገጠመለት» ብሎ ማብራራት ይበቃል። ደግሞ የዋልተር ቤንትሊ ሐሳብ ነው ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ ተቃውሞት ነበር። ገፍቶ ያሠራው ከጎረምሶቹ አንዱ ቲም በርኪን ነው። ብሎወር ለ ማንን አንድም ጊዜ አላሸነፈችም፤ በ1929 እና በ1930 ያሸነፈችው ያለ ሱፐርቻርጀር የምትሮጠው «ስፒድ ሲክስ» ናት፣ ባለ 6 ሲሊንደሯ።