አልፋው 0.19 ወጣብኝ፣ ነገ ጠዋት ዲፌንስ አለኝ፤ እባካችሁ ድረሱልኝ

ነጭ ጋወን (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ጠዋት የማስተርስ ዲፌንስ አለኝ። የሠራሁት በነርሶች በርንአውት (ከሥራ ጫና በሚመጣ መዛል) ላይ ነው፤ 214 ነርስ፣ 22 ጥያቄ። አማካሪዬ አሁን ማታ ደውለው «ሪላያቢሊቲው የታለ?» አሉኝ። ጭራሽ ረስቼው ነበር። ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ) ላይ ሳሠራው ክሮንባክ አልፋ፣ ማለትም የጥያቄዎቹ መልስ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማማ የሚያሳየውና ወደ 1 መጠጋት ያለበት ቁጥር፣ 0.19 አወጣ! ሌላው ሁሉ አልቋል፣ ስላይዱም ተሠርቷል። ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትኩት፣ ያው ነው። ምን ላድርግ?

ዳታ ጓዳ
ሪቨርስ ኮድ ስላልተደረገ ነው። አንዳንዱ ጥያቄ «ዝያለሁ» ይላል፣ አንዳንዱ «በሥራዬ ለሰው ጠቅሜአለሁ» ይላል። የሁለተኛዎቹን መልስ ገልብጫቸው፤ አልፋው ይስተካከላል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መምህሩ
ሪላያቢሊቲ የሚታየው ለዲፌንስ አንድ ሌሊት ሲቀር አይደለም። መጀመሪያ መጠይቁ ይተረጎማል፣ ሌላ ሰው ወደ ኋላ ይተረጉመዋል፣ ጥቂት ሰዎች ላይ ይሞከራል፣ ከዚያ ነው ወደ ዋናው ሥራ የሚገባው። ክሮንባክ በ1951 ያንን ቀመር ያቀረበው ጥያቄዎቹ አንድ ዓይነት ነገር እየለኩ መሆናቸውን እንድናይበት ነው፤ ስላይድ ላይ የሚለጠፍ ማኅተም አይደለም። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምላቸው ይህንኑ ነው። በርቺ፣ ግን ለሚቀጥለው ተማሪበት።

ሐኪም ቤት ሰፈር
ፕሮግራሙን መዝጋትና መክፈት ክሮንባክን አያሳምነውም :) ሪቨርስ ኮድ አድርጊ፣ ዳታ ጓዳ እውነቱን ነው።

ነጭ ጋወን
አደረግኩ። ስምንቱን የ«ጠቅሜአለሁ» ጥያቄዎች ኮምፒዩት ላይ 6 ሲቀነስ መልሱ ብዬ ገለበጥኳቸው፣ እዚያው ስማቸው ላይ። አሁን አልፋው 0.23 ነው፣ ጭራሽ አንዱ ጥያቄ ሚኒመሙ −93 ሆነብኝ። ያበላሸሁት መሰለኝ። መልሱ ከ0 («ፈጽሞ») እስከ 6 («በየቀኑ») ነበር፣ −93 ከየት መጣ?

ጥያቄ አለኝ
ይቅርታ፣ እኔ ግን መነሻው ላይ አልስማማም። ርዕስሽ «በበርንአውት የታመሙ ነርሶች ብዛት» ዓይነት ከሆነ ገና ከመጀመሪያው ችግር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በጸደቀው አይሲዲ-11 (የበሽታዎች መመደቢያው) በርንአውትን ያስቀመጠው ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ ነው፣ በሽታ ነው አላለም። ደግሞ ለአንድ ነርስ ስንት ሕሙማን እንደሚደርሷት ጠይቀሻል? አይከን እና ባልደረቦቿ በ2002 ባወጡት ጥናት፣ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ነርሷ በርንአውት ውስጥ የመግባቷ ዕድል (ኦድስ) በ23 በመቶ፣ ታካሚው በ30 ቀን ውስጥ የመሞቱ ዕድል ደግሞ በ7 በመቶ ከፍ ብሎ ነው የተገኘው። ይህ ካልተጠየቀ ጥናቱ ነርሷን ብቻ ተጠያቂ አድርጎ ይቀራል።

ነጭ ጋወን
የታካሚውን ብዛት ጠይቄአለሁ፣ ምዕራፍ አራት ላይ አለ። ርዕሱም እንደዚያ አይልም። እባካችሁ −93ቱን!

የማታ ተረኛ
የእኩለ ሌሊቱን መድኃኒት ሰጥቼ አሁን ቁጭ አልኩ። −93 ማለት 6 ሲቀነስ 99 ነው። ዳታውን ያስገባው ሰው ባዶ የተተወውን መልስ 99 ብሎ ጽፎታል፤ አንቺ ደግሞ ለፕሮግራሙ 99 ማለት «አልመለሰም» ማለት እንደሆነ አልነገርሽውም። ስለዚህ እንደ መልስ ቆጥሮታል።

መጀመሪያ የገለበጥሻቸውን ስምንቱን አሁንም 6 ሲቀነስ ብለሽ መልሻቸው፣ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ከዚያ ቫሪያብል ቪው ውስጥ ሚሲንግ የሚለው ዓምድ ላይ ለ22ቱም 99 ብለሽ አስገቢ። ከዚያ የእያንዳንዱን ሚኒመምና ማክሲመም እዪ፤ ከ6 በላይ የቀረ ካለ ወረቀቱን አውጥተሽ አመሳክሪ።

ሌላው፣ ማስላክ እና ጃክሰን በ1981 ያወጡት መጠይቅ ከሆነ 22ቱን በአንድ ላይ አትደምሪያቸው። ሦስት ናቸው፤ የስሜት መዛል 9፣ ሰውን እንደ ዕቃ ማየት 5፣ ጠቅሜአለሁ ማለት 8። አልፋውም ሦስት ነው። በየክፍሉ ውስጥ ጥያቄዎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆኑ መገልበጥ አያስፈልግም።

ዳታ ጓዳ
እኔ 22ቱን በአንድ ያደረገቻቸው መስሎኝ ነው እንጂ ሪቨርስ ኮድ ስህተት አይደለም።

የማታ ተረኛ
በአንድ አድርጋቸው ነበር። ችግሩም አንዱ እሱ ነው።

ነጭ ጋወን
እግዚአብሔር ይስጥሽ/ይስጥህ!! የስሜት መዛል 0.89፣ ጠቅሜአለሁ 0.78። ሦስተኛው ግን 0.61 ነው። እዚያው ክፍል ውስጥ ያለው ጥያቄ 15 ላይ ደግሞ 31 ሰው አልመለሰም፤ ሌሎቹ ላይ አንድ ሁለት ሰው ቢሆን ነው። 99ኙን «አልመለሰም» ከማድረጌ በፊት የጥያቄ 15 አማካይ 15.6 ይል ነበር፣ እንዴት እንዳላየሁት! ባዶዎቹን በአማካይ ልሙላቸው ወይስ ጥያቄ 15ን ላውጣው?

ሐኪም ቤት ሰፈር
አውጪው፣ አልፋው ከፍ ካለ ማን ያያል።

መምህሩ
ይህን ምክር አትስሚ። ማየት ያለበት ፈታኝ ባያይም አንቺ ታውቂዋለሽ።

አሮጊቷ ነርስ
ልጄ፣ አታውጪውም፣ አትሙዪውም። ስለ ስታቲስቲክስ ብዙ አላውቅም፤ ያንን ጥያቄ ግን አውቀዋለሁ። ለአንዳንድ ሕሙማን ምን ደረሰባቸው ብዬ አልጨነቅም የሚለው አይደል?

ሥራ ላይ ሳለሁ እንዲህ ያለ መጠይቅ መጥቶልን ነበር። የዋርድ ኃላፊያችን ጠረጴዛው ዳር ቆማ ትጠብቅ ነበር፤ ወረቀቱን ከእጃችን የምትቀበለው እሷ ናት። በዚያ ሰሞን አንድ አዛውንት ሲጣሩ ሰምቼ፣ የሌላውን ግሉኮስ እየቀየርኩ ዝም ብያቸው ነበር። ሁለት ጊዜ ተጣሩ፣ ሁለቴም አልዞርኩም። ጥያቄው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ዜሮ ብል ውሸት ነው። በሳምንት አንዴ ነው የሚለውን ባከብብ ኃላፊዬ ገልብጣ ታየዋለች። ባዶ ተውኩት። ከጎኔ የነበረችውም ባዶ ተወችው፣ አይቻለሁ።

አሁን ንገሪኝ፣ ያንቺን ወረቀቶች ማን ነው የሰበሰበው?

ነጭ ጋወን
እኔ ፈተና ላይ ስለነበርኩ በሁለት ዋርዶች ኃላፊዎቹ ሰበሰቡልኝ። ለትብብራቸው ምስጋና ገጽ ላይ ሁሉ ጽፌአቸዋለሁ።

ቆይ ላየው።

ነጭ ጋወን
አየሁት። ከእነዚያ ሁለት ዋርዶች የመጣው 58 ወረቀት ነው፤ ጥያቄ 15ን ባዶ ከተዉት 31 ሰዎች 26ቱ ከእነሱ ናቸው። እኔ ራሴ ከሰበሰብኩት 156 ውስጥ 5 ብቻ። ወረቀቶቹን አውጥቼ ሳገላብጥ አንዱ ላይ 4 ተከቦ በእስክሪብቶ ድምጥማጡ ጠፍቷል፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ። ዳታ ስናስገባ ባዶ ብለነዋል። አሁን ምን ብዬ ነው የማቀርበው? ጥናቱ ወደቀ ማለት ነው?

የማታ ተረኛ
አልወደቀም። ሰዎቹ የተዉት በአጋጣሚ ስላልሆነ በአማካይ መሙላት ውሸት ይሆናል፤ ያልመለሱት ብዙ የሚደርስባቸው ሳይሆኑ አይቀሩም፣ አማካዩ ደግሞ ከፈሩት የተሻሉትን ነው የሚወክለው። የሊትል ፈተና (መልሶቹ የጎደሉት በአጋጣሚ መሆን አለመሆኑን የሚፈትሸውን) እንድትሠሪ የሚነግርሽ ይኖራል፤ እሱም ያልተጻፈውን መልስ አያይልሽም።

ዛሬ ማታ የምትሠሪው ይኼ ነው። ሦስቱንም አልፋዎች 0.61ዱን ጨምረሽ እንዳሉ አስቀምጪ፣ ለእያንዳንዱ ስንት ሰው እንደተቆጠረ ከጎኑ ጻፊ። አምስት ጥያቄ ብቻ ያለው ክፍል ከዘጠኙ ዝቅ ያለ አልፋ ቢያመጣ አዲስ ነገር አይደለም፣ ጥያቄ ሲያንስ አልፋም ያንሳል። ከዚያ አንድ ስላይድ ጨምሪ፤ ወረቀቱን ማን እንደሰበሰበና በየትኛው ስንት ሰው ጥያቄ 15ን እንደተወ። ከሥሩ፣ በኃላፊ በተሰበሰቡት ዋርዶች ይህ ክፍል ከእውነቱ ዝቅ ብሎ የተለካ ይመስላል ብለሽ ጻፊ። የተሰረዘውን 4 አታስገቢው፤ ሰውየው መልሶ ወስዶታል።

አሮጊቷ ነርስ
ዋርዶቹንም በስም እንዳትጠሪ። ሀ እና ለ በያቸው። ምስጋናው ገጽ ላይም ኃላፊዎቹ ወረቀት እንደሰበሰቡ ከጻፍሽ ያንን አውጪው፣ አለዚያ የትኞቹ እንደሆኑ ማንም ያውቃል። አደራ።

ጥያቄ አለኝ
ቅድም ጠንከር ብዬ ተናግሬ ነበር። ለአንድ ነርስ የሚደርሰውን የታካሚ ብዛት በሀ እና በለ ከሌሎቹ ጋር አነጻጽሪው። ሥራ የበዛባቸው እነሱ ከሆኑ ከስላይዱ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው።

ነጭ ጋወን
ይበዛል። አሁን አየሁት። ስላይዱን እየጨመርኩ ነው፣ ለአማካሪዬም ደወልኩላቸው። «ይኼን ጨምረሽ ነይ» ብለው ዘጉት። ሌላ ምንም አላሉም።

የማታ ተረኛ
ዲፌንሱ ሲያልቅ ንገሪን። እኛም ዋርድ በሚቀጥለው ወር መጠይቅ ሊመጣ ነው ተብሏል። የሚታሸግ ፖስታና ቁልፍ ያለው ሳጥን ካልቀረበ ወረቀቱን አንቀበልም ብዬ ነገ ርክክብ ላይ አነሳዋለሁ።