ፈረንጅ አራዳ ያለ የጣሊያን ጊዜ ቤት ማፍረስ ይቻላል?

ጠያቂዋ፦ ሰላም የጅማ ልጆች። ከአባታችን የወረስነው የጣሊያን ጊዜ የድንጋይ ቤት ፈረንጅ አራዳ አለን። ካርታው በስማችን ዞሯል። አፍርሰን ጂ+4 ለመሥራት የባንክ ብድር ጀምረናል። ሰሞኑን አንድ ጎረቤት «ቅርስ ነው፣ አትነኩትም» አለን። ካርታው ላይ ግን ስለ ቅርስ አንድ ቃል የለም። ስጠይቅ አንዱ ባለሙያ «ችግር የለውም»፣ ሌላው «ባህል ቢሮ ሂጂ» ይለኛል። የዲዛይን ክፍያ ከመክፈሌ በፊት ማንን ልመን?

መሐንዲሱ፦ እህቴ፣ በቃል የተባለውን ማንንም አትመኚ። ካርታው ይዞታሽን ነው የሚያሳየው። በቅርስ አዋጁ (209/1992) በቅርስ ላይ የጥገና ሥራ እንኳ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይሠራም፤ ማፍረስማ የባሰ ነው። ባህል ቢሮውን በደብዳቤ ጠይቂ፣ የቤቱን ፎቶና የካርታውን ኮፒ አያይዢ፣ ገቢ ቁጥር ያዢ። «ቤቱ ተመዝግቧል ወይ? በብሔራዊ ወይስ በክልል ደረጃ?» በይ። አዋጅ 839/2006 ቅርሶችን ለሁለት ስለሚከፍል የሚመለከተው አካል ይለያያል። እስከዚያ ብድሩን አታስለቅቂ፣ ወለዱ ይቆጥራል።

ቡና ነጋዴው፦ እኔ አሮጌ ሁሉ ቅርስ ነው ሲባል አልስማማም። ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ማንም አይነካም፣ ሁሉም ያውቀዋል። መሀል ከተማ ያሉትን ግን ማን ለይቶ ነገረን? ከጅምሩ «አይቻልም» ቢሉን ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። አርማታ ከተሞላ በኋላ ሲመጡ ነው የምንከስረው።

የሰፈሩ አዛውንት፦ ልጄ፣ የፊቱን ግንብና በረንዳውን ትታችሁ ከጓሮ ብትሠሩስ? እኔ የማውቀው ያ በረንዳ ነው፣ ልጅ ሆነን ዝናብ የምንጠለልበት።

መሐንዲሱ፦ አባባ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን እሱም ፈቃድ ይፈልጋል። ደግሞ የጅማን ክረምት ያውቁታል፤ ከድንጋይ ግድግዳ ጥግ ቆፍሮ ያለ ድጋፍ መተው ግድግዳውን ያወርደዋል። እህቴ፣ ቅርስ ነው ከተባለ ደግሞ ጥገናው ከአቅም በላይ ከሆነ መንግሥት ከወጪው በከፊል ሊሸፍን እንደሚችል አዋጁ ይላል። «ሊሸፍን እንደሚችል» የሚለውን ግን አስምሪበት!

ጠያቂዋ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደብዳቤውን ዛሬ አስገባሁ፣ ገቢ ቁጥሩንም በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ታናሽ ወንድሜ ለካ የቤቱን የጣሪያ ቆርቆሮ ለሚገዛ ሰው ቀጠሮ ሰጥቶ ነበር፤ እሱንም አስቀረሁት።