ጎልድፊሾቼ በ8 ወር አላደጉም፤ ችግሩ ታንኩ ነው ወይስ ውሃው?

ጀማሪ40፦
ሰላም ለሁላችሁ። 50 በ30 በ27 ሳ.ሜ. የሆነ፣ 40 ሊትር ይይዛል የተባለ አኳሪየም አለኝ። ውስጡ ባለ ድርብ ጅራት 4 ጎልድፊሾች አሉ። ሲገቡ 4 ሳ.ሜ. ነበሩ፤ 8 ወር አልፎም ከ5 አልዘለሉም። ይበላሉ፣ ይዋኛሉ፤ ውሃውም ጥርት ያለ ነው። ውሃ ሲጎድል እሞላለሁ፤ በወር አንዴ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሊትር እቀይራለሁ። የማጣሪያውን ስፖንጅ በየሳምንቱ ቧንቧ ስር አጥባለሁ። «ዓሣ የሚያድገው በታንኩ ልክ ነው» ይባላል፤ እውነት ነው?

ጉፒ አርቢ፦
አዎ፣ ታንኩን አይተው ነው የሚያድጉት። ከበሉና ከዋኙ ምን አስጨነቀህ?

ውሃ ልክ፦
በዚህ አልስማማም። ዓሣው መስታወቱን ለክቶ ማደግ አያቆምም፤ የሚያቆመው ውሃው ነው። ትንሽ ታንክ ውስጥ ቆሻሻው ቶሎ ይጠራቀማል፣ ዓሣው ለረጅም ጊዜ ይጨነቃል፣ እድገቱም ይቀጭጫል። ባለ ድርብ ጅራት ጎልድፊሽ በደንብ ከተያዘ ከ15 እስከ 20 ሳ.ሜ. ይደርሳል፤ ከ10 ዓመት በላይም ይኖራል። የቀጨጨውን ከጎን እየው፦ ዓይኑ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ይገዝፋል፣ ከጭንቅላቱ ኋላ ይከሳል፣ አንዳንዴም አከርካሪው ይጎብጣል።

ጥራትን በዓይን አትለካም። ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጡት አሞኒያም ናይትሬትም ቀለም የላቸውም። በዚያ ላይ የሚተነው ንጹሑ ውሃ ብቻ ስለሆነ፣ መሙላት ማለት መቀየር አይደለም፤ ናይትሬቱ እዚያው ይቀራል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ዓሦችህ በሳምንት 20 ሚ.ግ. በሊትር ናይትሬት ይጨምራሉ እንበል። በየሳምንቱ 25 በመቶ ብትቀይር መጠኑ ከመቀየርህ በፊት 80 ላይ ይረጋል እንጂ ከዚያ አይወርድም። 50 በመቶ ብትቀይር ግን 40 ላይ ይረጋል። በወር 3 ሊትር ከሆነማ ለረጅም ጊዜ መውጣቱን ይቀጥላል።

መጀመሪያ ፒኤች (የውሃውን አሲድነት የሚያሳየው ቁጥር)፣ አሞኒያ፣ ናይትራይትና ናይትሬት ለካና ቁጥሩን ጻፍልን። የቧንቧውንም ውሃ ለካ። የናይትሬት መለኪያህ በጠብታ የሚሠራ ከሆነ 2ኛውን ጠርሙስ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ በኃይል ናጠው። ሥር የዘቀጠው ዱቄት ካልተቀላቀለ ቱቦው ቢጫ ሆኖ ይቀርና «ውሃዬ ንጹሕ ነው» ብለህ ትታለላለህ።

ስፖንጅ፦
ስፖንጁን ቧንቧ ስር ማጠቡን ዛሬውኑ አቁም። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እዚያ ላይ ነው፤ የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ይገድላቸዋል። ከታንኩ በቀዳኸው ውሃ ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ አድርገው፤ ቡናማ ሆኖ ቢቀር ምንም አይደለም። ነጭ ስፖንጅ የሚያምረው ሱቅ ውስጥ ነው።

ጀማሪ40፦
ለካሁ። ታንኩ፦ ፒኤች 6.0፣ አሞኒያ 1፣ ናይትራይት 0፣ ናይትሬት 160 ገደማ። የቧንቧው፦ ፒኤች 7.6፣ ናይትሬት 5።

ጉፒ አርቢ፦
160?! በል ሙሉውን ድፋና በአዲስ ሙላው።

ውሃ ልክ፦
ተው! እንዳታደርገው። ዓሣ የሚያልቀው እዚህች ስህተት ላይ ነው። ባክቴሪያዎቹ ሲሠሩ የውሃውን የካርቦኔት ጥንካሬ (ኬኤች) ይበሉታል። እሱ ሲያልቅ ፒኤች ይወድቃል፤ 6 አካባቢ ሲደርስ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ሥራ ያቆማሉ ማለት ይቻላል። አሞኒያው 1 ላይ የቆመው ለዚህ ነው። ዓሦቹ እስካሁን የተረፉት በዝቅተኛ ፒኤች አሞኒያው ከሞላ ጎደል ሁሉም መርዝነቱ አነስተኛ በሆነው አሞኒየም መልክ ስለሚቀመጥ ነው። ፒኤች በ1 ሲጨምር መርዛማው ድርሻ 10 እጥፍ ገደማ ያድጋል። በአንድ ጊዜ ከ6 ወደ 7.6 ብትወስደው፣ ውሃው ውስጥ በቀረችው አሞኒያ እንኳ ስንጥባቸው (መተንፈሻቸው) ሊቃጠል ይችላል። የናይትሬቱ ድንገተኛ መውረድም ራሱን የቻለ ድንጋጤ ነው።

ስለዚህ ቀስ በቀስ። መጀመሪያ ትክክለኛውን መጠን እንያዝ፦ ውሃው ከአፉ 4 ሳ.ሜ. ዝቅ ካለና ሥሩ ጠጠር ካለው፣ ያለህ 32 ሊትር ገደማ ነው። በየቀኑ 5 ሊትር ቀይር፤ ስትቀዳ በቱቦ ጠጠሩን እየወጋህ ከሥር ሳብ፣ ግን በአንድ ቀን ሩቡን ወለል ብቻ። አዲሱን ውሃ በክሎሪን ማጥፊያ አክመህ፣ ሙቀቱን አመሳስለህ በቀስታ ጨምር። «ውሃ ቢያድር ይበቃል» የሚለው ለክሎሪን ይሠራል፤ ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተጣመሩበት የውሃ ማጽጃ) ግን አድሮም አይወጣም። በ10 ቀን ከአሮጌው ውሃ 18 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀራል፤ 160ው ወደ 30 ይወርዳል ማለት ነው። በእነዚያ ቀናት የሚመረተውን ደምርበትና 50 አካባቢ ጠብቅ።

እስከዚያ ምግቡን በግማሽ ቀንስ፤ ፒኤችና አሞኒያ በየቀኑ ለካ። ፒኤች 7 አልፎ አሞኒያው ገና 0.5ና ከዚያ በላይ ከሆነ አሞኒያን የሚያስር የውሃ ማከሚያ ጨምር። ዓሦቹ ላይኛው ውሃ ላይ አፋቸውን ከፍተው ቢያለከልኩ የዕለቱን ቅያሪ ዝለልና የአየር ፓምፑን አበርታ።

ስፖንጅ፦
ኬኤቹንም ለካ። ከ4 ዲግሪ በታች ከሆነ የተፈጨ ኮራል በመረብ ከረጢት አድርገህ ማጣሪያው ውስጥ አስቀምጥ፤ ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ የሚሻለው እሱ ነው። ቤኪንግ ሶዳም ይሆናል፦ ለ32 ሊትር 1 ግራም ገደማ ኬኤችን በ1 ዲግሪ ያነሳል። ግን ሶዳው ፒኤችንም ስለሚገፋ አሞኒያው 0 ሳይሆን አትንካው።

ጀማሪ40፦
ገባኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውሃው ከተስተካከለ በዚሁ ታንክ ይቀጥላሉ?

ውሃ ልክ፦
አይቀጥሉም። ብዙ አርቢዎች ለዚህ ዓይነቱ ጎልድፊሽ ለመጀመሪያው 75 ሊትር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 40 ሊትር ይይዛሉ፤ ለ4 ወደ 200 ሊትር ይመጣል። 100 በ50 በ40 ሳ.ሜ. ልክ ነው። ከረጅም ጠባብ ይልቅ ሰፊውን ምረጥ፤ አየር የሚገባው በላይኛው ገጽ ነው። ውሃው ብቻ 200 ኪሎ ስለሆነ ተራ ጠረጴዛ ላይ እንዳታስቀምጠው። ማጣሪያው በሰዓት ከውሃው 8 እስከ 10 እጥፍ ያሽከርክር፤ አንድ ትልቅ ከሚሆን ሁለት መካከለኛ ይሻላል፣ አንዱ ቢቆም ሌላው ይይዛል። አሮጌውን ስፖንጅ አብረህ አዛውረው፤ ያለ እሱ አዲሱ ታንክ ባክቴሪያ እስኪያፈራ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

ሆድ አደር፦
ስለ ምግብ ማንም አላነሳም። ጎልድፊሽ ጨጓራ የለውም፤ በአንዴ ብዙ ብትሰጠው ብዙው ሳይፈጭ ወጥቶ አሞኒያ ይሆናል። ውሃው ከተስተካከለ በኋላ በቀን 3 ጊዜ፣ በ2 ደቂቃ የሚያልቅ ብቻ። ለሚያድግ ዓሣ ፕሮቲኑ 40 በመቶ አካባቢ የሆነ፣ ወደ ሥር የሚሰምጥ የዓሣ ምግብ እንክብል ይሁን። ሙቀቱን ከ20 እስከ 23 ዲግሪ ያዝ።

ጀማሪ40፦
200 ሊትር ታንክ አሁን አልችልም። የፕላስቲክ ገንዳ ይሆናል? የቀጨጩትስ መልሰው ያድጋሉ?

ውሃ ልክ፦
ለምግብ የሚሆን ፕላስቲክ ከሆነ በደንብ ይሆናል፤ ዓሣው መስታወት አይናፍቀውም። አፉን በመረብ ክደን፣ ይዘላሉ። ገና ወጣት ስለሆኑ የተወሰነውን ያካክሳሉ፤ የጎበጠ አከርካሪ ግን አይቃናም። በየ2 ሳምንቱ አንድ ቀን፣ ከገንዳው አጠገብ ማስመሪያ ይዘህ ከላይ ፎቶ አንሳቸው፤ በዓይን ግምት ልዩነቱ አይታይህም።