የጣውላ ወለል ማስላግና ቫርኒሽ፦ ከድሬ ማሽን ይምጣ ወይስ የሐረር አናጢ ይበቃል?

ጥያቄ (ሐረር፣ ጀጎል)
ሰላም ለሁላችሁ። የድሮ ነጋዴ ቤት ፎቅ ላይ ያለ ክፍል ነው፣ 4 በ5 ሜትር። ወለሉ ወፍራም ጣውላ ሆኖ ቡናማ ቀለም ተደራርቦበታል። በሩ አካባቢ ቀለሙ ተላልጧል፣ በጣውላዎቹ መሃል ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት አለ፣ ብቅ ያለ ሚስማርም አይጠፋም። ሴራሚክ አንጥፍ የሚሉኝ አሉ፤ እኔ ግን እንጨቱን ማዳን ነው የምፈልገው። የፓርኬ ማሽን (ትልቁ የወለል መላጊያ) ያለው ሰው ከድሬ ላምጣ ወይስ እዚሁ አናጢ ይሥራው? ቫርኒሹስ የትኛው ይሻላል?

መልስ (አናጢ፣ ድሬዳዋ)
ሴራሚኩን ተወው አቦ። ጣውላ ሲረገጥ ይረግባል፣ ሴራሚክ ግን አይረግብም፤ ከመገጣጠሚያው ጀምሮ ይሰነጠቃል። ክብደቱም ጣውላውን ከሥር ለያዘው የድሮ አግዳሚ እንጨት ሸክም ነው።

ትልቁ ባለ ከበሮ የፓርኬ ማሽን ለከዚራ (የድሬ ሰፈር) ሰፋፊ ክፍሎች ግሩም ነው። ላንተ ግን አልመክርም። አንደኛ፣ በጣም ከባድ ስለሆነ በጀጎል መተላለፊያና በጠባብ ደረጃ ማውጣቱ ራሱ ሌላ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ከበሮው እየዞረ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ወዲያው ይጎደጉዳል፤ መብራት መጥቶ ሲሄድ ደግሞ ይህ የማይቀር ነው። 20 ካሬ ሜትር በእጅ በሚያዝ ባለ ቀበቶ ማሽን (የብርጭቆ ወረቀቱ እንደ ቀበቶ የሚዞርበት) በሁለትና በሦስት ቀን ያልቃል። ድሬ ያሉ የቤት ዕቃ ሠሪዎች አብዛኞቹ ይህ ማሽን አላቸው፣ ሐረርም አይጠፋም።

ከሠራተኛው ጋር ስትነጋገር አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ «በስንት ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ትጀምራለህ፣ በስንት ትጨርሳለህ?» «አንድ ቁጥር ይበቃል» ካለህ አመስግነህ ሸኘው። በግራይንደር እሠራለሁ የሚለውን ደግሞ በር ላይ መልሰው። የግራይንደር ዲስክ የግማሽ ጨረቃ ጭረት ይተዋል። ደረቅ እንጨት ላይ አይታይም፣ ቫርኒሽ ሲነካው ግን ወለሉን ሙሉ ያወጣዋል።

ዋጋውን በካሬ ተዋዋል፤ ዳርና ጥግ መጨመሩን፣ ወረቀቱን ማን እንደሚገዛ፣ ቫርኒሹ ስንት እጅ (ስንት ጊዜ ተደራርቦ) እንደሚቀባም አስቀድመህ ጻፍ። ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁሌም ከጥጉ ነው፤ ማሽኑ ስለማይደርስበት በእጅ ይፈገፈጋል።

መልስ (ቀለም ሻጭ፣ ድሬዳዋ)
ከማሽኑ በፊት እንጨቱ ምን እንደጠጣ እወቅ። በእኛ አገር ምስጥ ለመከላከል የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጣውላ ላይ መቀባት የተለመደ ነው። ዘይቱ ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ በመላግ አይወጣም፣ ቫርኒሽም በላዩ ላይ አይደርቅም። ስለዚህ መዳፍ የምታክል ቦታ ከጥግ ላይ እስከ ጥሬው እንጨት ፈግፍግ፣ ቫርኒሽ ቀባና 24 ሰዓት ጠብቅ። በጣት ሲነካ የሚያጣብቅ ከሆነ ቫርኒሹን እርሳውና ወደ የተልባ ዘይት ወይም ወደ ሰም ሂድ።

ሰም ያለበት የሚመስለውን ቦታ ደግሞ በአኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) በተነከረ ነጭ ጨርቅ አሽና እየው፤ ቢጫ እድፍ ካወጣ ሰም ነው። ሰም ላይ የተቀባ ቫርኒሽ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ ሆኖ ይሸሻል።

አሁን ምርጫው። ሱቅ ገብተህ «የእንጨት ቫርኒሽ» ካልክ ለቁም ሳጥን የሚሆነውን ሲለር ሊሰጡህ ይችላሉ። ቶሎ ይደርቃል፣ ያብለጨልጫል፣ እግር ሲበዛበት ግን ይፈረፈራል። የወለል ፖሊዩሬቴን ብለህ ጠይቅ፣ ቆርቆሮው ላይ ለወለል መሆኑን አንብብ። ባለ ዘይቱ እንጨቱን ወደ ማር ቀለም ይወስደዋል፣ ይሸታል፣ በየእጁ መካከል አንድ ቀን ይፈልጋል፤ ስህተትን ግን ይታገሣል። በውሃ የሚቀጥነው ሽታው ትንሽ ነው፣ በጥቂት ሰዓት ይደርቃል። በድሬ ሙቀት ግን ብሩሹ ሳይመለስ ስለሚደርቅ መደራረቢያው መስመር ሆኖ ይቀራል። ሐረር ቀዝቀዝ ስለሚል ያንን ችግር ያን ያህል አታይም። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ባለ ሁለት ቆርቆሮው ከሁሉም ይጠነክራል፤ ከተቀላቀለ በኋላ ግን ጊዜው ስለሚቆጠር ለጀማሪ አልሰጥም።

መጠን፦ 1 ሊትር በአንድ እጅ በግምት 10 ካሬ ይሸፍናል። ለ20 ካሬ ሦስት እጅ 6 ሊትር ነው፤ የድሮ ደረቅ ጣውላ የመጀመሪያውን እጅ ስለሚጠጣ 7 ያዝ።

መልስ (አናጢ፣ ሐረር)
ወንድሞቼ ከላይ ያሉትን እደግፋለሁ፣ ቅደም ተከተሉ ላይ ልጨምር።

ቀለሙን በማሽን አትጀምሩት። ቀለም በፍትጊያ ሙቀት ይቀልጥና ወረቀቱን ይደፍነዋል፤ በአንድ ክፍል አሥር ቀበቶ ትጨርሳላችሁ። ደግሞ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራው ለልጆች አደገኛ ነው። በውሃ እያረጠባችሁ በስፓቱላ ፋቁት፣ ፍቃፊውን በላስቲክ ሰብስቡ። ለመላጉም የጨርቅ ማስክ አይበቃም፣ የአቧራ ማጣሪያ ያለው ይሁን።

ቀጥሎ ሚስማር። ጫፉ በደነዘ ወፍራም ሚስማርና በመዶሻ እያንዳንዱን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስምጡ። አንድ የቀረ ሚስማር ቀበቶውን ቀድዶ ይጥለዋል። የሚጮህ ጣውላ ካለ በአዲስ ሚስማር ሳይሆን በብሎን ከአግዳሚው ጋር እሰሩት።

ወረቀት 40 ቁጥር፣ ከዚያ 60፣ ከዚያ 80፣ መጨረሻ 120። ጣውላው መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ዳሩ ከተነሳ በ40ው መጀመሪያ አግድም ሰያፍ፣ ቀጥሎ ከእንጨቱ ጋር በርዝመቱ። ከ40 ወደ 120 መዝለል ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ 120 የ40ን ጭረት ማጥፋት አይችልም። ማሽኑን አትጫኑት፣ ክብደቱ ይበቃዋል።

ማሽን ከድሬው ገበያ ከታይዋን ተራ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የቀበቶውን ልክ ይይ። 75 በ533 ወይም 100 በ610 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቀበቶ ማግኘት ይቀላል። ከዚያ ውጭ ከሆነ ማሽኑ ርካሽ ቢሆንም ቀበቶው ሲያልቅ ብረት ይዞ መቅረት ነው። ማስረዘሚያ ገመዱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ቀጭን ገመድ ይሞቃል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል።

ክፍተቱን በሰጋቱራና በኮላ ሙሉ የሚሉ አሉ። ለሚስማር ቀዳዳና ለፀጉር ስንጥቅ እሺ፤ በ80 ቁጥር የወጣውን ደቃቅ ተጠቀሙ። ሳንቲም የሚያስገባው ክፍተት ላይ ግን እንጨቱ በበጋና በክረምት ሲጠብና ሲሰፋ ሙሌቱን ይተፋዋል። ከተመሳሳይ እንጨት ቀጭን ስንጣሪ ሰንጥቃችሁ ኮላውን በአንድ ጎን ብቻ ቀብታችሁ አስገቡ። ሌላው ጎን ነፃ ሲሆን ጣውላው ይላወሳል።

ቫርኒሹን አታንቀርቅቡ፣ ቀስ ብላችሁ አማስሉ፤ አረፋ ከገባበት ወለሉ ላይ ይቀራል። የመጀመሪያውን እጅ፣ ባለ ዘይቱ ከሆነና ቆርቆሮው ካልከለከለ፣ 10 በመቶ በአኳራጅ አቅጥኑ። ከበሩ ራቅ ካለው ግድግዳ ጀምሩ፣ ሁለት ሁለት ጣውላ እስከ ጫፍ ድረስ ሳታቋርጡ ቀቡ። በየእጁ መካከል በ220 ቁጥር ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ ፈግፍጉ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና አድርቁ። ባለ ዘይቱ ከሆነ በካልሲ ለመርገጥ አንድ ቀን፣ ዕቃ ለማስገባት አራት ቀን፣ ምንጣፍ ለማንጠፍ ሦስት ሳምንት ጠብቁ። የከሰል ምድጃና ጀበና ግን ከዚያም በኋላ ያለ ማስቀመጫ ወለሉ ላይ አይቀመጥም፤ ሙቀት ቫርኒሹን ያነጣዋል።

መልስ (ቀለም ሻጭ፣ ድሬዳዋ)
የተልባ ዘይት የሚመርጥ ካለ፦ ቀጭን ቀባ፣ 20 ደቂቃ ቆይና የተረፈውን ወልውል። የወለወልክበትን ጨርቅ ጠቅልለህ ጥግ አትጣል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ ጨርቁ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ውሃ ውስጥ ንከረው ወይም ውጭ ዘርጋው።

ጥያቄ (ሐረር፣ ጀጎል)
ተባረኩ። ባለ ቀበቶውን ማሽንና ባለ ዘይቱን ፖሊዩሬቴን መረጥኩ። ሥር ያለው ክፍል ሰው ይኖርበታል፣ አቧራው በክፍተቱ አይወርድም?

መልስ (አናጢ፣ ሐረር)
ይወርዳል፣ ያውም ቀለም ያለበት አቧራ። የታችኛውን ክፍል ጣሪያ በላስቲክ ወጥራችሁ ዳር ዳሩን በፕላስተር አሽጉ፣ ምግብና ልብስ አውጡ። ላስቲኩን ስታወርዱ ከመሃል ሳይሆን ከአንድ ጥግ እየጠቀለላችሁ ይሁን። ጀጎል ቅርስ ስለሆነ ደግሞ ከመላግና ከመቀባት ያለፈ ነገር፣ ለምሳሌ አግዳሚ መቀየር ከመጣ፣ እንጨት ከመንካታችሁ በፊት ቅርስ ጥበቃን ጠይቁ።