ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ባጃጅ ለመያዝ እንደገና መሠልጠን አለበትን? በጎንደር ነዋሪዎች መካከል የተደረገ ክርክር

የክርክሩ አቅራቢ (ፒያሳ)
የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ዛሬ የማቀርበው ጥያቄ በከተማችን ጎዳና በየዕለቱ የምናየውን ነገር የሚመለከት ነው። ሞተር ሳይክል መንዳት የሚችል ወጣት የባጃጅ ባለቤት ዘንድ ሄዶ ሥራ ሲጠይቅ፣ ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ «ሞተር ትነዳለህ?» ይለዋል፤ «አዎን» ካለ ቁልፉን ይረከብና በዚያው ቀን ሦስት ሰው ጭኖ ከፒያሳ ወደ ማራኪ ቁልቁል ይወርዳል። ቀን በሞተር ዕቃ ሲያደርስ ውሎ ማታ ባጃጅ የሚይዝም አለ። የእኔ አቋም የሚከተለው ነው፤ መሪያቸው ስለሚመሳሰል ብቻ አንዱን የቻለ ሌላውንም ችሏል ሊባል አይገባም። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው ተሳፋሪ ከመጫኑ በፊት በሜዳ ላይ ተለማምዶ በተግባር መፈተን አለበት። የምትቃወሙ ምክንያታችሁን አቅርቡ።

ባጃጅ አሽከርካሪ (አዘዞ)
እኔ እቃወማለሁ። በሁለት ጎማ ላይ ሚዛኑን ጠብቆ የሚሄድ ሰው በሦስት ጎማ ላይ ምን ይቸገራል? ሦስት እግር ያለው በርጩማ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይንገዳገድም፤ ባጃጅም እንደዚያው ነው። የአደጋ ምክንያት ከተፈለገ መንገዱ ላይ ያለውን ጉድጓድ፣ ከአሽከርካሪው ጎን የሚቀመጠውን ትርፍ ሰው፣ ከንጋት እስከ ምሽት ያለ ዕረፍት መሥራትን ማየት ይሻላል። ይህን ሁሉ ትተን አዲስ ሥልጠና እናምጣ ብንል፣ ክፍያው የሚወድቀው ለባለቤቱ የዕለት ገቢ አስረክቦ በሚተርፈው በሚኖረው ልጅ ላይ ነው። ሥራ በጠፋበት ጊዜ ወጣቱ ላይ ሌላ በር መዝጋት ይሆናል።

መካኒክ (አራዳ)
ወንድሜ የአዘዞው፣ ስለ ጉድጓዱም ስለ ትርፉም የተናገርኸውን እቀበላለሁ፤ በበርጩማው ላይ ግን አንስማማም። በርጩማ ባለበት ይቆማል፤ በፍጥነት እየሄደ አይታጠፍም።

ሞተር ሳይክል የሚታጠፈው አጋድሎ ነው። ፍጥነት ያለው ሞተረኛ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ ሲፈልግ የመሪውን ቀኝ ጫፍ በጥቂቱ ወደ ፊት ይገፋል፤ የፊት ጎማው ለቅጽበት ወደ ግራ ያመራል፣ ሞተሩ ወደ ቀኝ ይዘነበላል፣ ከዚያ በኋላ መታጠፉ ይመጣል። ብዙው ነጂ ይህን ማድረጉን እንኳ ልብ አይልም፤ እጁ ለምዶታል። ባጃጅ ግን አያጋድልም፤ መሪው ወደ ዞረበት ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሕፃን ድንገት መንገድ ውስጥ ቢገባና ሞተረኛው የለመደውን ግፊት ቢያደርግ፣ ባጃጁ ሊሸሽ ከፈለገበት በተቃራኒ ይሄድበታል። ልምድ የሌለው ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም፤ ስሕተቱ የሚመጣው ከልምዱ ነው።

ስለ መገልበጡም ልናገር። ባጃጅ ስለማያጋድል ሲታጠፍ ክብደቱ ሁሉ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ይህም ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ወደ 30 ሲደረስ 2.25 ጊዜ ይሆናል። ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ስላለው የቆመበት ቅርጽ ወደ ፊት እየጠበበ የሚሄድ ሦስት ማዕዘን ነው፤ እየታጠፈ ፍሬን የሚይዝ ሰው ክብደቱን ወደ ጠባቡ ጫፍ ይልከዋል፤ የውስጠኛው የኋላ ጎማ ከመሬት የሚነሣው ያን ጊዜ ነው። አንተ የጠቀስኸው ከአሽከርካሪው ጎን የሚቀመጥ ትርፍ ሰውም ክብደቱን ወደዚያው ጠባብ ቦታ ስለሚያመጣው የአንተ ምክንያትና የእኔ ምክንያት እዚህ ላይ ይገናኛሉ። በአሜሪካ ለሜዳ ጉዞ ይሸጡ የነበሩት ባለ ሦስት ጎማ ሞተሮች ሽያጫቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 በመንግሥትና በአምራቾች ስምምነት የቆመው ብዙ ሰው ስለጎዱ ነው፤ ከጉዳቱ ምክንያቶች አንዱም መገልበጥ ነበር።

መያዣዎቹም ይለያያሉ። በሞተር ሳይክል ማርሽ የሚቀየረው በግራ እግር ነው፤ የፊት ፍሬን በቀኝ እጅ፣ የኋላው በቀኝ እግር ነው። በባጃጅ ማርሹ ከፍሪሲዮኑ ጋር በግራ እጅ ሲሆን በመጠምዘዝ ይቀየራል፤ ፍሬኑ በሙሉ በቀኝ እግር ሥር ነው። ይህ የማርሽ አሠራር የመጣው ከጣሊያኑ ቬስፓ ነው፤ የቬስፓ አምራች ፒያጆ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ባለ ሦስት ጎማውን አፔ ያወጣው ከዚያው ከቬስፓ በመነሣት ነው፤ ባጃጅ ኩባንያም በሕንድ የፒያጆን ሥራዎች በፈቃድ ሲያመርት ቆይቷል። በቬስፓ ያደገ ሰው ማርሹን ወዲያው ይለምደው ይሆናል፤ በተራ ሞተር የለመደ ግን በድንጋጤ ቀኝ እጁን ይጨብጣል፤ እዚያ ፍሬን የለም።

እናት (ማራኪ)
ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው በባጃጅ ነው። አሽከርካሪው ከዚህ በፊት ምን ይነዳ እንደነበር ጠይቄ አላውቅም፤ ልጠይቅ ይገባኛል ብዬም አላስብም። የሚችል ሰው አውቆ ማቅረብ የባለቤቱና የሚመለከተው አካል ድርሻ ነው። ሥልጠናው ወጣቱን ያስቸግረዋል የሚለው ክርክር ከኋላ የሚቀመጠውን ሰው ረስቷል።

ባጃጅ አሽከርካሪ (አዘዞ)
እናቴ፣ አልረሳሁም፤ እኔም የምጭነው ሰው ነው። መካኒኩ ስለ ቀኝ እጁ የተናገረው እውነት መሆኑን አልክድም፤ ከሞተር የመጡ ጓደኞቼ የሌለ ፍሬን ሲጨብጡ አይቻለሁ። ነገር ግን ይህ በጥቂት ቀን የሚጠፋ ነገር ነው። ልምድ የሚገኘው ከመንዳት ነው።

የአሽከርካሪዎች አሠልጣኝ (ቀበሌ 18)
በጥቂት ቀን ይጠፋል በተባለው ላይ መልስ አለኝ። አንድ ጊዜ ተሻግሮ በባጃጁ ላይ የሚቀር ሰው እውነትም ይለምደዋል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ በየቀኑ የሚቀያይረው ነው፤ ምክንያቱም አንዱ ልማድ ሳይጸና ሌላው ይመጣበታል።

የመመለሻው መንገድ ደግሞ ከመሄጃው የባሰ ነው፤ ስለ እርሱ ግን ማንም አልተናገረም። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ ሞተር ሳይክልን በዋናነት የሚያቆመው የፊት ፍሬኑ ነው። በባጃጅ የሰነበተ ሰው ወደ ሞተር ሲመለስ እግሩን ብቻ ይረግጣል፤ የኋላ ጎማው ይቆለፋል፤ በሐምሌ ዝናብ በራሰ ኮብልስቶን ላይ ሞተሩ ከሥሩ ያመልጠዋል። ከባጃጅ ወደ ሞተር ሲሄድ ሰውነቱን የሚከልለው ብረት እንኳ የለም።

ከሞተር ወደ ባጃጅ ሲመጣ የሚታየው ሌላው ስሕተት ጉድጓድ የሚያልፍበት መንገድ ነው። ሞተረኛ አንድ መስመር መርጦ በሁለት ጉድጓድ መካከል ያልፋል። ባጃጅ ሦስት መስመር አለው፤ የፊት ጎማው ያለፈውን ጉድጓድ የኋላው ያገኘዋል። ሞተር ሲያዘነብል እግር አውርዶ መደገፍም የተለመደ ነገር ነው፤ በባለ ሦስት ጎማ እግሩን የሚያወርድ ሰው የራሱ የኋላ ጎማ ሊሄድበት ይችላል። በአሜሪካ የሞተር ሳይክል ደኅንነት ፋውንዴሽን ለባለ ሦስት ጎማ ነጂዎች የተለየ የሥልጠና ኮርስ ያዘጋጀው እነዚህ ልዩነቶች ስላሉ ነው። እነዚህን በሥልጠና ማሳየት ረጅም ጊዜ አይወስድም፤ በተሳፋሪ ላይ መማር ግን ልክ አይደለም።

ጡረተኛ መምህር (አዘዞ)
እኔ ከሌላ አቅጣጫ ልግባ። ለረጅም ዘመን ሞተር ስነዳ ቆይቼ ጉልበቴ በመታመሙ ሞተሩን በእግሬ ደግፌ ማቆም አልቻልሁም። ባለ ሦስት ጎማ ለእንደ እኔ ያለው ሰው፣ በጦርነትም ሆነ በሕመም እግሩን ለተጎዳ ሰው፣ ከቤት መውጫ ነው። ሕጉ ሲጠነክር እኛን እቤት እንዳያስቀምጠን እሰጋለሁ። ፈተናው እኛ የማንችለውን የሚጠይቅ ከሆነ ለደኅንነት ታስቦ የወጣ ደንብ የተጎዳን ሰው የሚያገልል ይሆናል።

መካኒክ (አራዳ)
ጋሼ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ እኔ ግን ሥልጠናው ከማንም በላይ የሚጠቅመው እርስዎን ይመስለኛል። እጅዎ ለብዙ ዓመታት የለመደው ማጋደልን ነው፤ በቀላሉ አይተውዎትም። ምርጫ ካለዎት ከፊት ሁለት ጎማ ያለው ቢሆን በፍሬን ጊዜ የተሻለ ይቆማል፤ እኛ ጋ የሚገኘው ግን ከፊት አንድ ጎማ ያለው ስለሆነ፣ ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነትዎን ጨርሰው ይቀንሱ፤ ታጥፈው ሳይጨርሱ ፍሬን አይንኩ። ቁልቁለት ሲወርዱም ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሽ አያውጡ፤ ሞተሩ ራሱ የሚይዘውን ኃይል ያጡና ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ሲግል ይደክማል። ይህን ለአዘዞው ወንድሜም እላለሁ።

የክርክሩ አቅራቢ (ፒያሳ)
ከተባለው በኋላ ሐሳቤን በሁለት ነገር አሻሽላለሁ። ፈተናው በሰውየው ጤንነት ላይ ሳይሆን በተሽከርካሪው አያያዝ ላይ እንዲያተኩር እስማማለሁ፤ ይህም እግሩን የተጎዳ ሰው በተስተካከለ መያዣ እንዲፈተን ማድረግን ይጨምራል። ወጪውን ደግሞ ባጃጁን የሚያሠራው ባለቤት ይሸፍን፤ ቁልፍ የሚሰጠው እርሱ ነውና። ሥልጠናው ወደ ሞተር ለሚመለሰውም እንዲሆን አሠልጣኙ ያቀረቡትን ምክንያት ተቀብያለሁ።

ባጃጅ አሽከርካሪ (አዘዞ)
ባለቤቱ ከከፈለ እና በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚያልቅ ከሆነ፣ ለአዲስ ሰው የሚሰጠውን ሥልጠና አልቃወምም። በየቀኑ የሚቀያይረውን ሰው ከሁለቱ አንዱን ምረጥ የሚል ደንብ ከመጣ ግን እቃወማለሁ፤ ቀን በሞተር፣ ማታ በባጃጅ ካልሠራ ቤት ኪራዩን የማይከፍል ሰው ስላለ፣ እርሱን በተመለከተ አሠልጣኙ ያነሡት ችግር በሥልጠና እንጂ በክልከላ መፍትሔ ሊፈለግለት ይገባል።

የአሽከርካሪዎች አሠልጣኝ (ቀበሌ 18)
ክልከላ አልጠየቅሁም። የምጠይቀው የሚቀያይር ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር የመጀመሪያውን ጉዞ ያለ ተሳፋሪ እንዲያደርግና ፍሬኑን በዝግታ ደጋግሞ እንዲሞክር ነው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ባለቤቶቹ ቁልፍ ሲያስረክቡ እንዲያስገድዱት ይደረግ።